የተኛ ሰው ከጠረጴዛ አይነሳም

ሰናፍጭ ሲሸተኝ ያቅለሸልሸኛል። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። በየሰርጉና በየድግሱ ሰው ቋሊማው ላይ ቢጫውን ሲያፈስ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። ጓደኛዬ ኦፓልም ምሳ ክፍላችን አዲስ ሠራተኛ በመጣች ቁጥር «ዋንዳ ፊት ሰናፍጭ እንዳትከፍቺ፣ ሆዷ አይችልም» ብላ ታስጠነቅቃለች። ሆዴስ ይችላል። ሆዴ የአይብ ፋብሪካ ሆድ ነው። የኮመጠጠ አጓት የከረመበት ጋን ውስጥ እስከ ብብቴ ገብቼ ስፈትግ ኖሬ አንድ ቀን አሞኝ አያውቅም። የማልችለው ሌላ ነገር ነው። እሱን ልጻፈው። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፣ ስለዚህ ያማረ ቃል የሚፈልግ ሰው ሌላ ገጽ ይግለጥ።

የዚያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የሆልም ቤተሰብ አይብ ፋብሪካ ውስጥ ጋን አጣቢ ነበርኩ። ኔልስ የባለቤቱ ልጅ ነው። አንድ የክረምት ቀን ምሳ ክፍላችን ገብቶ አይብ የምንጠቀልልበት ወረቀት ላይ እርሳስ ይዞ ሲስል በትከሻው በኩል አየሁት። የግንብ ምድር ቤት ነው የሳለው፣ እስር ቤቱ፣ ደረጃው፣ በሩ ሁሉ አለ።

«ጌታዬ፣ ይኼ ቤት ውሃ መውረጃ የለውም» አልኩት። «በመጀመሪያው ዝናብ እስረኞችዎ ይሰምጣሉ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ግራጫ ዓይን አለው፣ በጠዋት በረዶ ላይ እንደሚታየው ዓይነት ግራጫ። ረጅም ጊዜ አየኝና ስለ እስረኞቹ ያሰበ ሰው ከዚህ በፊት ገጥሞት እንደማያውቅ ነገረኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ውሃ መውረጃውን ሳለ። እኔ ባልኩት ቦታ። እሑድ ቤቱ እንድመጣ ለመነኝ፣ «አንተ» እንድለውም ለመነኝ። እሑዱን ወዲያው እሺ አልኩ። «አንተ» ማለቱ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ የወጣልኝ ቀን ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

እነሱ ቤት ምድር ቤት ውስጥ አሮጌ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ ከበን ለአምስት እንቀመጥ ነበር። ጨዋታው ኳስ የለውም፣ ሩጫ የለውም፣ ሁሉም ወሬ ነው። ኔልስ ከታጠፈ ካርቶን ኋላ ተቀምጦ ምን እንደምናይ ይነግረናል፣ እኛ ምን እንደምናደርግ እንነግረዋለን፣ ዕድል የሚጠይቅ ነገር ሲመጣ ዳይስ የሚሉትን፣ ሃያ ፊቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበትን ጠጠር እንጥላለን። እያንዳንዳችን ወረቀት ላይ የተጻፈ አንድ ሰው አለን። የእኔዋ ያድዊጋ ትባላለች፣ በአያቴ ስም። ዱላ የያዘች የድልድይ ጠባቂ ናት፣ ስሙን ሳይናገር የሚያልፋት የለም። ዕድሜ ልኬን ዝም በይ ስባል የኖርኩት እኔ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ አላፊ አግዳሚውን ስሙን እጠይቅ ነበር። ከካርቶኑ በላይ ደግሞ የኔልስ ዓይን ብቻ ይታያል። እኔም ከሱ ሌላ ነገር አልፈለግኩም።

አሁን ስለ እንቅልፉ። ካርተር የሚባል የጠበቃ ልጅ አለ፣ የኔልስ አብሮ አደግ። እሱ የሚጫወተው አስማተኛ ነው፣ የሚወደው አስማትም የእንቅልፍ አስማት ነው። በዚያ ዘመን የጨዋታው ደንብ መጽሐፍ ይኼ አስማት ወዳጅና ጠላት አይለይም፣ ከደካማው ይጀምራል፣ የሚያመልጠውም የለም። መጨረሻ የገባሁት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ደካማዋ እኔ ነኝ። ካርተር ሽፍቶች ላይ ሲረጨው ከሽፍቶቹ በፊት ያድዊጋ ዘጭ ትላለች። የቤቱ ደንብ ደግሞ የተኛ ሰው አይሰማም፣ ስለዚህ ተነስቶ ከምድር ቤቱ ይውጣ የሚል ነው። ይኼንን ደንብ እንደ ትልቅ ቅንነት ነበር የሚያዩት፣ አይኮረጅም ለማለት። የሚወጣው ወደ ላይ ነው፤ ላይ ያለው ኩሽና ነው።

«ከተነሳሽ አይቀር» አለኝ ካርተር በመጀመሪያው እሑድ፣ እያዛጋ። ሳንድዊች ሠርቼ ወረድኩ። እኔም ስቄያለሁ። በአምስተኛው እሑድ ግን ከካርታው ይልቅ የሆልም ቤት የቢላዋ መሳቢያ ሲሳብ በየት በኩል እንደሚይዝ አውቅ ነበር።

የመጨረሻው እሑድ ኅዳር ላይ ነው፣ ወንዙ ዳር ዳሩን መርጋት ሲጀምር። ላይኛው ቤት የኔልስ አባት ከእንግዶቹ ጋር ኳስ ያያሉ። እኛ ዘንድ ሽፍቶች የመጡት በያድዊጋ ድልድይ ላይ ነበር፣ በገዛ ድልድዬ። ሳምንቱን ሙሉ ጋን እየፈተግኩ ምን እንደማደርግ አስቤ ነው የመጣሁት፤ ገመዱን የት እንደደበቅኩ ሁሉ አውቃለሁ። አፌን ሳልከፍት ካርተር እንቅልፉን ረጨ። ኔልስን አየሁት።

«ያድዊጋ ተኝታለች» አለ፣ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሎ።

ተነሳሁ። ኩሽና ዳቦውን ደርድሬ ሰናፍጭ ስቀባ እናቱ ወይዘሮ ሆልም በረዶ ሊወስዱ ገቡና እጄን አዩት። «አንቺ ልጅ፣ እጅሽን ድጋሚ ታጠቢ። የአጓቱ ሽታ ዳቦ ውስጥ ይገባል» አሉኝ። በክፋትም አይደለም። ምንጣፍ ላይ የወጣ ውሻ ውረድ እንደሚባለው ነው። ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ከዚያ ጣቶቼን አሸተትኩ፤ ሰናፍጭና አጓት።

ሳህኑን ይዤ ስወርድ ሳቅ ነበር፣ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ስደርስ ቆመ። የያድዊጋ ወረቀት ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። ያረዳት የገዛ ባልደረባዋ፣ የካርተር አስማተኛ ነው። አንድ ሰው ሲቀነስ ለቀሩት የሚደርሰው ምርኮ ይበዛል ብሎ።

«ተኝታ ነበር እኮ፣ አልተሰማትም» አለኝ፣ እጁን ወደ ሳህኑ እየሰደደ። የሚያኝከው እኔ የሠራሁትን ነው። የአፉ ጥግ ላይ ሰናፍጭ ነበር።

ኔልስን ዳይስ ተጥሎልኝ እንደሆነ ጠየቅኩት። የተኛ አይከላከልም፣ ደንቡ ነው አለኝ። ዓይኑን ከካርቶኑ በታች አወረደው። ቀና ቢል እችለው ነበር። ቀና ብሎ ቢዋሸኝ እንኳ እችለው ነበር።

በጓሮ በር ወጣሁ። ወረቀት ላይ ያለች ሴት ሞታ አይደለም ያመመኝ። አንድ ሰው እንኳ «ቆይ፣ ትጣል» ሳይል፣ ከሁሉም በላይ እሱ ሳይል፣ እኔ ሰናፍጭ ስቀባ ማለቁ ነው። መንገዱን ሙሉ እጄን ከኪሴ አላወጣሁም። የገዛ እጄ አስጠላኝ።

* * *

ጥር ላይ ኔልስ ሚኒያፖሊስ ለትምህርት ሄደና ደብዳቤ ላከ። የእጅ ጽሑፉን አውቀዋለሁ። አልከፈትኩትም። ያን ጊዜ ንባቤ እንደ አንካሳ ነበር፤ ለእህቴ ልሰጣት ነበረብኝ፣ እህቴ አፍ ላይ ደግሞ የኔልስን ቃል መስማት አልፈለግኩም። ይቅርታ ቢሆንም ሳንድዊቹን ይዤ ስወርድ ያልተባለ ይቅርታ በፖስታ ምን ያደርግልኛል አልኩ። የስፌት ሳጥኔ ታች፣ ከቁልፎቹ ሥር አደረግኩት። እዚያው ኖረ።

በእልህ መጽሐፉን ገዛሁ። ያንን የጨዋታ ደንብ መጽሐፍ። በጣቴ እየተከተልኩ አንድ ዓመት ተኩል አነበብኩት፤ ማንበብ የቻልኩት በሱ ነው ብል አልዋሸሁም። መጀመሪያ የፈለግኩት የእንቅልፉን ገጽ ነበር። አስማቱ ከደካማው ይጀምራል ይላል፣ እውነት ነው። የተኛ ሰው ከክፍል ይውጣ የሚል ቃል ግን የትም የለም። ኩሽና የሚልማ ጭራሽ የለም። ያ የነሱ ነበር።

ከዚያ ማሸጊያ ክፍል ያሉትን ሴቶች በምሳ ሰዓት ማጫወት ጀመርኩ፣ ቆይቶም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ። ካርቶኑ ኋላ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ስለ እንቅልፍ አስማት አንድ ክረምት ሙሉ ተከራክረናል። ኦፓል አስማተኛ ናት፣ አስማቷን የነካባትን አትምርም። «ሁሉም ወዲያው የሚነቃ ከሆነ እኔ ምን ልሠራ መጣሁ? ዘፈን ልዝፈንላቸው?» አለችኝ። ልክ ነበረች። ለፍታ ያመጣችውን ልነጥቃት አልችልም። ስለዚህ አስማቱ የያዘው ሰው እውነት ይወድቃል፣ ያንን ዙር አለቀለት። ግን ከጠረጴዛው አይነሳም። ቁጭ ብሎ ሁሉንም ይሰማል። በሚቀጥለው ዙር ተራው ሲደርስ ዳይሱን ይጥላል፣ ከአሥራ ሁለት በላይ ከወጣለት ይነቃል። አጠገቡ ያለ ወዳጅ ወዝውዞ ሊቀሰቅሰው ይችላል፣ የራሱን ተራ ከፍሎ። የተመታም ይነቃል። የተኛው አንድ ጊዜ እንኳ ዳይሱን ሳይጥል ደግሞ ማንም አይገድለውም፣ ሽፍታም ቢሆን፣ ዘንዶም ቢሆን። ኦፓል ይኼንን በካርቶን ላይ ጽፋ አዳራሹ ግድግዳ ላይ፣ «እጅ መታጠብ ግዴታ ነው» ከሚለው ማስታወቂያ ጎን ለጠፈችው።

ባለፈው በጋ ኔልስ ተመለሰ። አባቱ ሞተዋል፣ ትዳሩ ፈርሷል፣ ፋብሪካው የሱ ሆኗል። አንድ ቅዳሜ አዳራሹ በር ላይ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆመ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ዓይኑ ያው ነው። ኦፓል ጆሮዬ ላይ፣ «ባለቤቱ መጣ፣ ጨዋታው በትርፍ ሰዓት ሊታሰብልን ነው መሰለኝ» አለች። አባርሪው አላለችኝም፣ እኔም አላባረርኩትም። ወንበር አሳየሁት። የጀልባ ቀዛፊ ሆኖ ገባ። ከዚያ ወዲህ ከካርቶኑ በላይ የሚታየው የእኔ ዓይን ነው፣ ዓይኔም ካርታውን ትቶ ኔልስን ያያል። በአርባ ስድስት ዓመቴ ፀጉሬን ለቅዳሜ ማጠብ ጀመርኩ። ምን ላድርግ፣ ሞኝነት ዕድሜ አይጠይቅም።

አርብ አርብ ምሳ የተጠበሰ ዓሣ አብረን እንበላ ነበር። እኔ የምቀመጠው ሰናፍጩ ከሌለበት ወገን ነው፣ እሱም ለምን እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቀኝም። ባለፈው ወር አንዱ አርብ ላይ መኪናው ውስጥ ቀለበት አወጣ። ከዚያ ተናገረ።

ለጊዜው ለእናቱ ባንነግራቸው ይሻላል አለ፤ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ይደነግጣሉ፣ እሱ ሰዓቱን መርጦ በራሱ መንገድ ይነግራቸዋል። ቀጥሎም እጄን ስሞ፣ «ያንን ሁሉ በደብዳቤው ከነገርኩሽ በኋላ መልስ ሳጣ ቆርጠሽ የተውሽኝ መስሎኝ ነበር» አለኝ። «አሁን መልሰሽ ስትቀበዪኝ ግን እንደ አንቺ ያለ ልብ በዓለም እንደሌለ አወቅኩ።»

ራሴን ነቀነቅኩ። ምኑን ነው የነገረኝ? ቀለበቱን ከነሳጥኑ ኪሴ ከትቼ፣ ነገ እነግርሃለሁ ብዬ ወረድኩ። ልቤ በደስታ ይመታ ነበር፤ አሁን ግን ከደስታው ሥር አንድ ቀዝቃዛ ነገር ተኝቶ ተሰማኝ።

* * *

ቤቴ ገብቼ የስፌት ሳጥኑን ገለበጥኩት። ደብዳቤው ቢጫ ሆኗል። በቢላዋ ከፈትኩት። ውስጡ የያድዊጋ ወረቀት ታጥፎ ነበር፣ ከነቀይ ስርዙ። ደብዳቤውን እንዳለ ልገልብጠው።

«ዋንዳ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ካርተርን በየእሑዱ አስተኛት ያልኩት እኔ ነኝ። አንቺ ስትመጪ ቀልድ ይጀምራሉ፣ ስለ እጅሽ፣ ስለ ንባብሽ። ፊትሽ ላይ ይሉታል ብዬ ፈራሁ። ዝም በሉ ማለት አቃተኝ፣ ስለዚህ አንቺን ከክፍሉ አስወጣሁሽ። ኩሽና ብትሆኚ ቢያንስ አትሰሚም አልኩ። ያድዊጋን እንዲገድሏት የፈቀድኩትም እኔ ነኝ፣ ወደዚያ ቤት ዳግመኛ እንዳትመጪና እንዳትጎጂ ብዬ። ወደ እኔ እንዳትመጪ ብዬ አይደለም። እወድሻለሁ። ይቅር ካልሽኝ ጻፊልኝ። ካልጻፍሽ ገብቶኛል።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው እቃ ማጠቢያው ላይ ተደፋሁ። የበላሁት ዓሣ ሁሉ ወጣ።

ሃያ ሁለት ዓመት ካርተርን ስከስ ነው የኖርኩት፤ ኔልስ ፈሪ ነው እንጂ ክፉ አይደለም እያልኩ። ክፋቱንማ እችለው ነበር። የዘገነነኝ ደግነቱ ነው። አዝኖልኝ አስተኛኝ። ወዶኝ ሰናፍጭ አስቀባኝ። እነሱ ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁብኝ እኔ ላይ ቤት የቲማቲሙን ክብ አስተካክል ነበር፣ ለማን ብዬ? ለሱ ብዬ፣ ቀጭኑን ይወዳል ብዬ። አሁንም ያው ነው። እናቱ እንዳይደነግጡ፣ እኔ እንዳልሰማ፣ ሰዓቱን እሱ ይመርጣል። የተስማማሁበት ፍቅር ውስጥ እኔ የለሁበትም፣ ሌላ ክፍል ነኝ።

አፌን ተጉመጠመጥኩ። የምጸየፈው እሱን ይሁን፣ ፀጉሯን ለቅዳሜ የምታጥበውን ሴትዮ ይሁን መለየት አቃተኝ።

* * *

ቅዳሜ በስምንት ሰዓት አዳራሹ ውስጥ አምስት ነበርን፤ እኔ፣ ኦፓል፣ ከማሸጊያ ክፍል ሁለቱ እህትማማቾች፣ ኔልስ። ደብዳቤውን ለኦፓል ጠዋት አስነብቤያታለሁ። አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና፣ «አንቺዬ፣ ይኼን ሰውዬ ዛሬ ወንዙ ውስጥ እንክተተው» ብላኝ ነበር። ኔልስ ሲገባ ሳቀልኝ፣ የኪሴን እብጠት አየ፣ የበለጠ ሳቀ። ሞልቶለታል።

ጨዋታው የጀልባ መሻገሪያ ላይ ደርሷል። ሽፍቶች አሉ፣ ከነሱ ጋር አንዲት አሮጊት ጠንቋይ አለች። ተንኮል አልሠራሁም፣ ይኼንን እምላለሁ። አሮጊቷን የጻፍኳት ከሁለት ሳምንት በፊት ነው፣ እንቅልፍ መርጨቷንም እንደዚያው። በዚህ ጠረጴዛ ደካማው ማን ነው? መጨረሻ የገባው። ኔልስ።

«ቀዛፊው ተኝቷል» አልኩ።

ኔልስ ሳቅ አለና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሳ። አዳራሹ ጎን ወደሚገኘው ኩሽና አየ። «ተራዬ ደረሰ ማለት ነው» አለ፣ እጅጌውን እየሰበሰበ። «ሰናፍጭ ይቀባላችሁ?»

እህትማማቾቹ ነገሩን ስለማያውቁ ሳቁ። ኦፓል አልሳቀችም። እኔ ጉሮሮዬ ድረስ መጣብኝ። ቀልድ አድርጎታል። ሃያ ሁለት ዓመት ያልነካሁትን ሰናፍጭ እሱ በፈገግታ አቀረበልኝ።

«ይቀመጡ፣ አቶ ሆልም» አልኩት።

«እርስዎ» ስለው ፊቱ ተለወጠ። እጅጌውን እንደሰበሰበ ቆመ። ግድግዳውን በጣቴ አሳየሁት። የተኛ ሰው እዚህ ቤት ቁጭ ብሎ ይሰማል አልኩት። ተቀመጠ።

ሽፍታው ቢላዋ ይዞ ከቀዛፊው በላይ መቆሙን ነገርኳቸው። ከዚያ ካርቶኑን አጥፌ ጎን አደረግኩት፣ ማንም የእኔን ዓይን ብቻ እንዳያይ። ደብዳቤውን አወጣሁና ጮክ ብዬ አነበብኩት። በጣቴ እየተከተልኩ፣ ቀስ ብዬ፣ አንድ ቃል ሳልዘል። እዚያች «ስለ ንባብሽ» የምትለው ጋ ስደርስ ቆም ብዬ ደገምኳት። ታናሽየዋ እህት አፏን በእጇ ያዘች። ኔልስ ሁለት ጊዜ ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ሁለት ጊዜ ኦፓል «ተኝተሃል» አለችው።

ስጨርስ ወረቀቱን አጠፍኩት። ደብዳቤውን ትናንት እንደከፈትኩት ነገርኩት። ቀለሙ ከፊቱ ሲወርድ አየሁ፤ ቆዳው ጨው እንዳልገባው አይብ ሆነ። ይቅር ያልኩት መስሎት ነበር ዓሣ ሲበላ የከረመው።

«እኔ እኮ» አለ፣ ማንም ሳይፈቅድለት። «እንዳትሰሚ ብዬ ነው። እንዳይከፋሽ።»

«እንዳልሰማ» አልኩ። «እሺ። እዚያ ቁጭ ብዬ ሰምቼ ቢሆን ምን የምሆን ይመስልሃል? እሞታለሁ? ካርተርን ስለ እጄ አንድ ነገር ብመልስለትስ? አንድ ቀን ሙሉ ሲያሳክከው የሚውል መልስ ነበረኝ እኮ። ያንን ነው የወሰድክብኝ።»

ኦፓል ሽፍታው ይጨርሰው እንደሆነ ጠየቀች። ድምፅ እንስጥ ብላት እጇን ሁለቱንም ታወጣ ነበር። ኔልስ ራሱ አንገቱን ደፍቶ፣ «ይጨርሰው። ይገባኛል» አለ።

አሁንስ ባሰብኝ። አሁን ደግሞ መሞት አማረው። ሞቶ ሊያለቅስ፣ እኔ ሬሳ ሳነሳ ልከርም። እሱ ያችን ጎንበስ ያለች አንገት ሲያሳየኝ ሽፍታውን ላዝዘው ምን ያህል እንደፈለግኩ ላንተ ለአንባቢዬ አልደብቅም። ምላሴ ላይ ነበር፣ «አለቀ» የምትል አንዲት ቃል። ቀይ እስክሪብቶም ኪሴ ውስጥ ነበረኝ፣ ከቤት ሆን ብዬ ነው ያመጣሁት። ማን ይከለክለኛል? ካርቶኑ የእኔ፣ አዳራሹ የእኔ። ግን ግድግዳው ላይ ያለችውን የኦፓልን ጽሑፍ አየሁና አፈርኩ። ያቺን መስመር ለወዳጆቼ ብቻ አልነበረም ያስጻፍኳት።

ዳይሱን በጠረጴዛው ላይ ገፋሁለት።

«ጣል» አልኩት።

«ዋንዳ...»

«ተራህ ነው። የራስህን ዳይስ ጣል።»

ጣለ። ተንከባሎ የታላቅየዋ እህት ኩባያ ሥር ቆመ። አሥራ ሰባት። ነቃ። ኦፓል «ድሮስ የባለቤት ልጅ» ብላ ወደ ጎን ተነፈሰች። እኔ ቀዛፊው መንቃቱን፣ የቢላዋውን እጅ መያዙን፣ ሽፍታው መሸሹን ልክ እንደሆነው ተናገርኩ። ድምፄ እንደ ሁልጊዜው ነበር። ደስ አላለኝም። ግን አፌ ውስጥ የነበረው ኮምጣጣ ነገር ቀነሰ።

ከዚያ የያድዊጋን ወረቀት ከፖስታው አውጥቼ ኔልስ ፊት ዘረጋሁት። የታጠፈውን ካርቶንም አንስቼ እሱ ፊት አቆምኩለት። ምን እንደምፈልግ ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። ኋላ ገባው። ካርቶኑን በእጁ ዝቅ አደረገው፣ ጠረጴዛው ላይ አስተኛው፣ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ሞልቶ ነበር፣ ግን አላወረደውም። ሴቶቹ ሁሉ እያዩት አላወረደውም።

«ያድዊጋ ድልድይዋ ላይ ተኝታለች» አለ። ድምፁ ይሰነጠቃል። «ባልደረባዋ ቢላዋ ይዞ ቆሟል። ዋንዳ፣ ጣዪ።»

ይኼ ቃል ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ከካርተርም ከማንም ያልፈለግኩት፣ ከዚህ ሰውዬ አፍ ብቻ የፈለግኩት ይኼ አንድ ቃል ነው። ዳይሱን በሁለት እጄ ያዝኩት፣ በዚህ አጓት በሚሸት እጄ፣ ወዘወዝኩት፣ ጣልኩት።

ሦስት።

ያኔ ቢጣልልኝም ያድዊጋ አትነቃም ነበር። ሁልጊዜ ሳስበው ሃያ ነበር የሚወጣልኝ፤ ዘልዬ ተነስቼ፣ ካርተርን በዱላዬ አንገቱን ብዬ። ሦስት ወጣ። ሳቄ መጣ፣ ከሳቁ ጋር እንባዬ መጣ፣ ኦፓል መሀረብ ስትሰጠኝ በክንዴ ገፋኋት። ይታይ። ሦስት ነው፣ ግን የእኔ ሦስት ነው። በእጄ ጣልኩት፣ ቁጭ ብዬ አየሁት።

ቀለበቱን ከኪሴ አውጥቼ ወረቀቱ አጠገብ፣ ወደሱ ወገን አስቀመጥኩት። እናቱ የማይሰሙት ጋብቻ ውስጥ እንደማልገባ ነገርኩት። ለሳቸው ዛሬውኑ ሄዶ ይነግር እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔን አትጠይቀኝ አልኩት። መቼ እንደምትነግራቸው፣ ትነግራቸው እንደሆነም እኔ አልወስንልህም፤ አንተም ከዛሬ ጀምሮ እኔ ምን እንደምሰማ አትወስንልኝም። ቀለበቱን አነሳ።

«ወንበሬስ?» አለ፣ በጣም ዝቅ ብሎ።

«ወንበር ከማንም አልወስድም» አልኩት። «ቀዛፊህ ነቅቷል።»

ይቅር አልኩት ማለት አይደለም። ሲወጣ ባርኔጣውን ረስቶ ተመልሶ መጣ፣ ያኔም ልቤ ያችን የድሮዋን ነገር አደረገች፣ እኔም ልቤን ታዘብኳት። ሰናፍጭም አሁንም ያቅለሸልሸኛል፤ ኦፓል በሚቀጥለው ቀን ልትፈትነኝ ከፍታ አፍንጫዬ ሥር አድርጋው ነበር፣ ሮጬ ወጣሁ።

ያን ቀን ግን አዳራሹን ከመዝጋቴ በፊት ቀዩን እስክሪብቶ ከኪሴ አወጣሁ። የያድዊጋ ወረቀት ላይ፣ ከድሮው ስርዝ በታች፣ በእጅ ጽሑፌ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ፣ «ጥላለች፤ ሦስት» ብዬ ጻፍኩ። ግድግዳው ላይ ከደንባችን ጎን ሰካሁትና በፊት ለፊቱ በር ወጣሁ።